ከቀዩ አምፖል ሥር

እህቴ ብርሃን አትወድም። ስትወለድም እንዲህ ነበረች ብል ውሸቴን ነው፤ ሥራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት። ሁለታችንም አንድ ፎቶ ቤት ነው የምንሠራው። እኔ ከፊት፣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ፣ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ ሲያበሳጩኝም እቆጣለሁ። እሷ ከኋላ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ታጥባለች። ሰው ሁሉ በስልኩ አንስቶ በስልኩ በሚያይበት ዘመን እንኳ የሟች አባቱን የፎቶ ኔጋቲቭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ያንን ክፍል ያልዘጉትም ለዚህ ነው። ደንበኞቻችን እህቴን «የሌሊት ወፍ» ይሏታል፤ እሷም ስቃ ታልፈዋለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን አንድ ቀይ አምፖል ብቻ ነው። የፎቶ ወረቀት ነጭ ብርሃን ካየ ጠቁሮ ይበላሻል፣ ቀዩ ግን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ አምፖሉ ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ ቆብ ተደርጎለት ከማጠቢያ ሳፋዎቹ በላይ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ እህቴ እጇን ከሥሩ አድርጋ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ታያለች። ሥራውን ልታስተምረኝ ስትሞክር (ሰነፍ ሆኜ ሳልማር ቀረሁ እንጂ) በመጀመሪያ ያለችኝ፣ ነጭ ጠላትሽ ነው፣ ቀይ ወዳጅሽ ነው የሚል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውም ይህንን ይዛ ነው።

ጤና ጣቢያው ለሴቶች ነጻ ምርመራ አለ ሲል አብረን ሄድን። እኔን ደህና ነሽ ብለው ሸኙኝ። እሷን ወደ ሆስፒታል ላኳት፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱን ልንሰማ ተመልሰን ሄድን። ዶክተሯ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የማኅፀን በር ካንሰር ጀምሯል፣ ግን ገና ላይ ላዩን ነው አለች። «ካንሰር» ካለች በኋላ ያለውን እኔ አልሰማሁም። እህቴ ግን እንደ ደንበኛ ትእዛዝ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትሰማ ነበር።

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ማኅፀኗን ማውጣት ነው፤ ይሄ ያለቀለት፣ ጥርጥር የሌለበት ነው። ሁለተኛው አዲስ ሕክምና ነው፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ በሰውነት ይሰራጫል፣ የታመመው ቦታ ላይ ግን በርከት ብሎ ይቀመጣል። ብርሃን እስኪያገኘው ድረስ የተኛ ነው። ሲበራበት ይነቃና አጠገቡ ያለውን በሽታ ይገድላል፣ ራሱም ያልቃል። ማኅፀኑም ይተርፋል። ይሄ ካልሠራ ግን ሌላ ሙከራ የለም፣ ማኅፀኑ ይወጣል።

እህቴ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይቆዩላት ቀርተዋል። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሲሳደብ ለጉድ ነው፣ እሷ ፊት ግን ድምፁ አይሰማም። ይውጣ አለ። ልጅ ባይኖረንም አንቺ አለሽኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ብርሃኑን መረጠች። እኔም ማንን እንደምደግፍ አላውቅ ብዬ አፌን ዘጋሁ፣ እኔን በሚያውቅ ሰው ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒቱን ከወጓት በኋላ ነርሷ ማስጠንቀቂያውን ነገረቻት። የመብራቱ ቀን እስኪደርስ ፀሐይ እንዳይነካሽ፣ ኃይለኛ መብራት አጠገብ እንዳትቀመጪ፣ ቆዳሽም መድኃኒት አለበትና ይቃጠላል አለቻት። እህቴ በሽታውን ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ እኮ የሌሊት ወፍ ነኝ፣ ምን ቸገረኝ አለች። ነርሷም ሳቀች። የምን አምፖል ሥር ነው የምትውይው ብሎ የጠየቃት የለም።

ቤት ብትቀመጥ መጋረጃው ስስ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል እስክትገባ ያሉትን ቀናት ፎቶ ቤት፣ እዚያ ክፍሏ ውስጥ አሳለፈቻቸው። ማልዳ ተሸፋፍና ትመጣለች፣ ሲመሽ ተሸፋፍና ትሄዳለች። ጋሼ ቁጭ ብለሽ እረፊ ቢሏትም እሷ ከተቀመጥኩ አስባለሁ ብላ ስታትም ትውላለች። እኔ ከበሩ ሥር ነጭ ብርሃን እንዳይገባ ጨርቅ ወሸቅኩበት። ከዚህ የተሻለ መጠለያ ከየት ይገኛል ብዬ ልቤ አርፎ ነበር።

ከዚያ ጓንት ማድረግ ጀመረች። ምነው ስላት ኬሚካሉ እጄን አሳከከኝ አለች። አመንኳት።

በመብራቱ ቀን አብሬያት ገባሁ። ክፍሉ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ ነው። ዶክተሯ እህቴ እንዳትፈራ ብላ መሣሪያውን አሳየቻት፤ እንደ ክር የቀጠነ መስተዋት ነው፣ በውስጡ ብርሃን ይሄዳል። አበራችው። ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ።

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። «ቀይ ነው?» አለች።

«አዎ፣ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው ቀይ ብርሃን ነው።»

አልጋው ላይ አልወጣ አለች። ወደ ኋላ ሸሽታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ እኔም ምን ሆነሽ እያልኩ ተከተልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ጓንቷን አወለቀች። የእጇ ጀርባ ከጣቷ እስከ አንጓዋ ቀልቷል፣ አብጧል፣ አንዳንድ ቦታ ውኃ ቋጥሯል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። በሩን በጨርቅ ወትፌ ከጠላቷ ጋር የዘጋሁባት እኔው ነኝ።

«ዶክተር፣ ከቀይ አምፖል ሥር ነው የከረምኩት» አለች። «መድኃኒቱን ጨረስኩት። ከእንግዲህ ብታበሩብኝም ምንም አያገኝም። ማኅፀኔን ልታወጡት ነው።»

ዶክተሯ እጇን ይዛ አየች፣ አገላበጠች፣ ከዚያ ወጥታ ሌላ ሐኪም ጠርታ መጣች፤ ሁለቱ በሩ ጋ ቆመው በሹክሹክታ ተነጋገሩ። እህቴ እጄን ጨምድዳ ያዘች፣ በዚያ በተቃጠለ እጇ። ያማት ነበር፣ ግን አልለቀቀችኝም።

ዶክተሯ ተመልሳ መጥታ ምን ለብሳ ትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት። ወፍራም ሹራብ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ከላይ የሥራ ካፖርት ብዬ እኔ መለስኩ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ያ አምፖል ያገኘው እጇን ብቻ ነው፣ ልብሱን አልፎ ውስጥ አይገባም፣ ውስጥ ያለው መድኃኒት እንደተኛ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን አለችን። ቀጥላም «እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልምልልሽም» አለቻት። «ግን ዛሬ ካልሞከርነው ዕድሉ ያልፋል። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

እህቴ አልጋውን አየች፣ ያንን ቀይ ነጥብ አየች። ከዚያ አልጋው ላይ ወጣች። እኔን አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ባሏ የአውቶቡሱን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ ነበር፤ ስነግረው ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ዶክተሯ ሌላ ትእዛዝ ሰጠች። ከፀሐይ ትጠንቀቅ፣ ቀዩ ክፍል ውስጥ ዝር እንዳትል፣ ድፍን ጨለማ ውስጥም አትቀመጥ። ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ደብዘዝ ባለ ተራ ብርሃን ትዋል፤ ቆዳዋ ላይ የቀረው መድኃኒት በዚያ ጥቂት በጥቂት ያልቃል። እህቴ መጋረጃው ላይ አፍጥጣ ነበር የምትውለው። ደመና ሲገለጥ ትደነግጣለች፣ ሲጨልም ደግሞ አላለቀልኝ ይሆን ብላ ትጨነቃለች። የእጇ ቁስል ደረቀ፣ ጥቁር ምልክት ጥሎባት። ውስጧን ግን ማን ያየዋል? የውጤቱ ቀን እስኪደርስ እኔም ጉርድ ፎቶ ስቆርጥ የሰው ጆሮ አብሬ የቆረጥኩበት ጊዜ ነበር፤ ጋሼ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ውጤቱ ጥሩ ሆነ። በሽታው የለም፣ ማኅፀኗ አለ፣ እየተመላለሰች ትታያለች። ባሏ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ እንደ ልጅ ሲያለቅስ እህቴ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ መድኃኒቱ እኔ ውስጥ ቀርቷል ወይ? የለም፣ ከሄደ ቆየ አለቻት ዶክተሯ።

ሥራ የገባች ዕለት ከክፍሏ በር ላይ ቆማ ቀረች። አምፖሉን ጋሼ አብርተውላት ነበር። ሁሌ ቀድማኝ የምትገባው እህቴ እኔን ወደፊት ገፋ አደረገችኝ።

«አንቺ ቅደሚ» አለች። «እጅሽን ከሥሩ አድርጊ።»

ገብቼ እጄን ዘረጋሁ። ሁለታችንም እጄን እያየን ቆምን። ምንም አልሆነም። ምንም እንደማይሆንም አውቃለሁ፣ እኔ መድኃኒት አልተወጋሁም። ቢሆንም አላነሳሁትም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ጠጋ ብላ ያንን ምልክት የቀረበትን እጇን ከእጄ አጠገብ አደረገች።