የእሁድ ሥራ

ዛሬ ጠዋት፣ የጥገና ኃላፊ በሆንኩበት ፋብሪካ፣ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ለመካኒክነት ካመለከቱት ውስጥ ኮምፒውተሩ ያሳለፋቸውን ይዛልኝ መጣች። የወደቁትንም አምጪልኝ አልኳት። ምን ያደርግልዎታል በሚል ዓይን አይታኝ አመጣችልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹እሁድ እሁድ ማሽን ፈትቼ አጸዳለሁ› የሚል መስመር አገኘሁ። ደሜ ፈላ።

ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ ሰበታ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርኩ። እሁድ ማሽኑ ሲቆም እንፈታዋለን፣ ግሪስ እንቀባለን፣ ያለቀ ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት እንቀይራለን። ምሳ ሰዓት ላይ ዘይቱ በቅጡ ባልለቀቀ እጃችን ቃሪያ የበዛበት ሽሮ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ለዚህ ሁሉ የነበረን ስም አንድ ነው፦ የእሁድ ሥራ።

ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ተባለ። ጭንቅ ያዘኝ። ሱሉልታ ያለችው እጮኛዬ አባት ኦቦ ገመቹ፣ ሥራ ለሌለው ልጄን አልሰጥም ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ደግነቱ እዚያው ሱሉልታ አዲስ ፋብሪካ መካኒክ ፈለገ። የሚመዘገበው በኢንተርኔት ነው፤ ሲቪውን መጀመሪያ የሚያነበውም ኮምፒውተር ነው። ሥራውን እኔ ያስተማርኩት ጫላ ማስታወቂያውን በስልኩ አሳየኝ።

«‹ፕሪቨንቲቭ ሜንቴናንስ› ይላል። የእኛ የእሁድ ሥራ እኮ ነው። ቃሉን እንዳለ ጻፈው» አለኝ።

ከማስታወቂያ መኮረጅ አላውቅም አልኩት። አይ ኩራት! ‹የእሁድ ሥራ፣ ስድስት ዓመት› የሚለውን በእንግሊዝኛ አስጽፌ ላክሁ። ሳይውል ሳያድር አላለፉም የሚል መልስ መጣ። ጫላ አለፈ። ያስተማርኩት ጫላ! የጻፈው ግን አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ የሠራውን ነው በእነሱ አጠራር የጻፈው።

ዝናብ እየወረደብኝ፣ ከጭቃ ጋር እየታገልኩ ሱሉልታ ሄድኩ። ለኦቦ ገመቹ ኮምፒውተሩ አላወቀኝም ብዬ አማረርኩ።

«ታዲያ አንተ ምን እንደምትሠራ ነገርከው ወይ?» አሉኝ።

ያንኑ ጭቃ ረግጬ ተመለስኩ። ዓመት ሙሉ ቡራዩ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸከምኩ። እጮኛዬም ከጥምቀት በኋላ ለሌላ ተዳረች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በማሽኑ ይሁን በራሴ፣ እንጃ።

ዛሬ ያንን የእሁድ መስመር የጻፈው ልጅ ጋ ራሴ ደወልኩ። ምዝገባው ነገ ነው የሚዘጋው፤ ማስታወቂያውን ከፊትህ አድርገህ፣ የሠራኸውን እኛ በምንጠራበት ስም እንደገና ጽፈህ ላክ አልኩት።

«ኩረጃ አይሆንብኝም ጋሼ?»

ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

«ሠርተኸዋል?» አልኩት።

«አዎ፣ አራት ዓመት።»

«እንግዲያው ያንተ ነው፤ ጻፈው።»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን እያየሁ ቆየሁ። ይህንኑ ጫላ በጊዜው ነግሮኝ ነበር።