ከሃያ አምስት በላይ የማትሮጥ መኪና

ቦጂያ ከወሊሶ በእግሩ መጥቶ አዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሲገባ ገና ጎረምሳ ነበር። አንድ አርመን መካኒክ ዘንድ መኪና በማጠብ ጀመረ፤ ከማጠብ ቡሎን ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያም ሞተር ወደ ማውረድ ደረሰ። ፊደል አልቆጠረም። የታመመ ሞተር ሲቀርብለት ግን ጆሮውን ወደ ኮፈኖው ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና የትኛው ቦታ እንደሚያመው ይናገራል። ሲፈታ ያለው ሆኖ ይገኛል።

መኪናዋን ያገኛት በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ባለቤቷ እሽቅድምድም የሚወድ ወጣት የግሪክ ነጋዴ ነበር። ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ናት። ሞተሯን አቃጥሎ አርመኑ ጋራዥ አቁሟት ሳለ ጣልያን ደሴን ያዘ የሚል ወሬ መጣ። ግሪኩ የጅቡቲን ባቡር ለመሳፈር ሲጣደፍ ቦጂያን ጠርቶ፣ ካስነሳሃት ያንተ ናት አለና አንድ ወረቀት ፈርሞ ሰጠው። ከተማው በተዘረፈበት ሰሞን ቦጂያ አራቱንም ጎማ ፈትቶ ጓሮው ውስጥ በጭድ ቀበራት። ሌሎች መኪኖች መንገድ ላይ ሲቃጠሉ እሷ ተረፈች።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ጣርማ በር ገደል ከገባ የጭነት ካሚዮን የወረደ ሞተር በቁራጭ ብረት ዋጋ አገኘ። ሞተሩ ለትንሿ መኪና ትልቅ ስለሆነ ፊቷን በመጋዝ ቆርጦ፣ በላሜራ ሁለት ስንዝር አስረዘማት፤ ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራዋንም ደራርቦ አጠናከረው። አንድ ንጋት ላይ አስነስቶ እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነዳት። ነፋሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ተመለሰ፤ ቀኑን ሙሉም ብቻውን ፈገግ ሲል ዋለ።

ሚስቱ ኮከቤ ፈገግታውን አይታ ወደ ሥራዋ ዞረች። ወንድሟ በ1929 የካቲት፣ ጣልያን ሕዝቡን በፈጀበት ሰሞን፣ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ጮክ ብላ የምትናገረው ነገር አልነበረም። ለሦስት ልጆቻቸው እራት የምታስበው ግን እሷ ነች።

በ1931 አንድ ጣልያን ከልደታ ዝቅ ብሎ ፉርኖ ቤት ከፈተ። ዳቦውን ጠዋት ጠዋት ለየሱቁ የሚያደርስለት ሰው ፈለገ፤ ኩሊዎቹ እስኪያደርሱት እየቀዘቀዘ ተቸግሮ ነበር። ቦጂያ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን አካል ቆርጦ አነሳና አራት መደርደሪያ ያለው የእንጨት ሣጥን ገጠመበት። ኮከቤ የጣልያን ሥራ እንደማትወድ ነገረችው። ግን ሂድም አትሂድም አላለችም። ባለ ፉርኖ ቤቱ መኪናዋን አይቶ ወደዳት፤ ሆኖም አሲኩራሲዮን ሳታመጣ አንድ ዳቦ አልጭንብህም አለው። ዛሬ መድን ወይም ኢንሹራንስ የምንለውን ያን ጊዜ ሰዉ ከጣልያኖቹ አፍ ወስዶ አሲኩራሲዮን ነበር የሚለው።

ቦጂያ ጎረቤቱን ተክለጻድቅን እንዲያስተረጉምለት ለመነ። ተክለጻድቅ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ማዘጋጃ ቤት በአስተርጓሚነት የሚሠራ ጸጥተኛ ወጣት ነው። በእረፍት ቀኑ አብሮት ወጣ።

የመጀመሪያው የአሲኩራሲዮን ቢሮ ፒያሳ ነበር። ጸሐፊው የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ጠየቀ፤ አንዱ የካሚዮን፣ አንዱ የእሽቅድምድም መኪና ሆነበት። ብዙ ጽፎ፣ ብዙ ሰርዞ፣ ለእሽቅድምድም መኪና የሚከፈለውን አስቦ ነገራቸው። ተክለጻድቅ ዋጋውን ለመተርጎም ትንሽ አመነታ፤ የቦጂያን የስምንት ወር ገቢ የሚበላ ነበር። ሁለተኛው ቢሮ በካሚዮን ደንብ እንዲመዘገብ መከራቸው፤ ሲመዝኗት ግን ለካሚዮን ቀለለች። ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ዞሮ አያትና ጓደኞቹን ጠርቶ ሳቀ። ቦጂያ መኪናዋን አዙሮ ወደ ቤት ነዳት።

ተክለጻድቅ ግን ከሦስተኛው ቢሮ የዋጋ ደንብ የታተመበትን ትንሽ መጽሐፍ ተውሶ ወጥቶ ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ገጽ በገጽ አነበበው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጣ።

«ጋሽ ቦጂያ፣ አንድ ምድብ አገኘሁ» አለ። «በሰዓት ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ ለማይሄድ የዕቃ ማመላለሻ የሚከፈለው ጥቂት ነው። ስለ ሞተሩ ዓይነት የሚለው ነገር የለም።»

«የኔዋ መቶ ትሄዳለች።»

«እሱማ ነው ችግሩ።»

ቦጂያ ጓሮ ወጥቶ መኪናዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለዚያ ሞተር ሁለት ዓመት ብረት ሲለምን ኖሯል። ሁለት ቀን መፍቻ ሳይነካ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ኮከቤ እራት አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዳቦውን አድርሳ ወደ ቤት የምትመለስ ከሆነ፣» አለች፣ «እየዳኸች ብትመጣስ ምን ቸገረህ?»

በማግስቱ የማርሽ ሣጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ አወረደ። ሦስተኛውና አራተኛው ማርሽ እንዳይገባ ብረት በየደ፤ ከነዳጅ መስጫው ሥር ደግሞ እግር ከግማሽ በላይ እንዳይወርድ የሚያግድ ወፍራም ላሜራ መታበት። ያን ዕለት የሠራው ሥራ፣ ለራሱ እንኳ ሊናገረው ባይፈልግም፣ እጅግ የጠራ ሥራ ነበር።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አልፍሬዶ የሚባል ጆሮው የከበደ ጣልያን ሽማግሌ የአሲኩራሲዮን ወኪል ነበር። ተክለጻድቅ የደንቡን ገጽ ከፍቶ አሳየው። ሽማግሌው አንብቦ፣ ቦጂያንም ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ ሳልፈትን አልጽፍም አለ። በሳምንቱ ጠመንጃ ያዥ ድረስ መጣ። ኮከቤ ከጓዳ አልወጣችም፤ ፀሐይ ስለነበር ግን ውሃ በብርጭቆ ሰደደችለት።

ሽማግሌው ከቦጂያ ጎን ተቀመጠ፤ ተክለጻድቅ ከኋላ ሣጥኑን ይዞ ተንጠለጠለ። ሜዳው ላይ ነዳጅ መስጫውን የቻለውን ያህል ቢረግጥም የፍጥነት መቁጠሪያው ከሃያ አራት አላለፈም። ሽማግሌው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የልደታ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ግን በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ፍሬን አትያዝ ማለቱ ነው። ቦጂያ ለቀቃት። የሣጥኑ ክብደት ገፋትና ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ገባች። ያ የጥንቱ ነፋስ ፊቱን መታው።

ቀኑ ወር በገባ በአንድ፣ የልደታ በዓል ነበር። ቅዳሴ አብቅቶ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየፈሰሰ ነው። ቦጂያ የሽማግሌውን ምልክት አልጠበቀም። ገና ከሩቅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ሰው ከሚሄድበት በዘገየ እርምጃ አጠገባቸው አለፈ።

ቢሮ ሲመለሱ ሽማግሌው ቁልቁለቱን ምን ልበለው ብሎ ብዙ አሰበ። ከዚያ ሞተሩ ልከኛ ነው፣ ነጂውም ልከኛ ነው አለና ውሉን ጻፈ። ዋጋው በዳቦ ሥራ የሚቻል ሆነ። ከሥር ግን አንድ አንቀጽ ጨመረ፦ ወር በገባ በአንደኛው ቀን መኪናዋ በልደታ ቁልቁለት እንዳትወርድ። ተክለጻድቅ ሲተረጉምለት ቦጂያ ሳቀ። በሰሞኑ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በወሩ መጀመሪያ ቀን ዳቦውን በአህያ ያደርሳል፤ በሌላው ቀን በዝግታዋ ቀይ መኪና ይዞራል። ብስክሌት ሲቀድመው መጀመሪያ አካባቢ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ኋላ ለምዶት ብስክሌተኛውን ሰላም ማለት ጀመረ።

በ1932 ክረምት ጭቃው አንሸራቶ መኪናዋን ወደ ጎን ወሰደበትና የጠጅቱ ሸክላ ላይ ጣላት። ጠጅቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንስራና ጀበና የምትሸጥ ባልቴት ናት። እሷ ራሷ ምንም አልሆነችም፤ ዕቃው ግን እንክትክት አለ። ቦጂያ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ስለ አሲኩራሲዮኑ ወረቀት ነገራት። አላመነችውም። ነጭ ለኔ ሸክላ ይከፍላል? ብላ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ጥላ ይዞ ከተክለጻድቅ ጋር በጭቃው ውስጥ በእግሩ መጣ። ስንት እንስራ ነበር ቢላት አርባ አለችው። ይህ ሁሉ ስብርባሪ አርባ መሆኑን በምን አውቃለሁ አላት።

ጠጅቱ ተክለጻድቅን ዞር ብላ አየችውና፣ «አንዱ እንስራ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው። አፉን ይቁጠር በለው» አለች።

ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ከስብርባሪው መሐል አፍ አፉን እየለቀመ ደረደረ። ሠላሳ ሰባት ሆነ። የቀሩት ሦስቱ ከቦዩ ውስጥ ተገኙ። ገንዘቡ በሳምንቱ መጣ። ጠጅቱ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየችው፤ ሰዉም ላሜን፣ ጣራዬን አሲኩራሲዮን አስገባልኝ እያለ ቦጂያን መግቢያ መውጫ አሳጣው።

በ1933 ጣልያን ሲወጣ ሽማግሌውም ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ያወቀ የለም። የቢሮው በር በሚስማር ተመታ፣ ወረቀቱም ወረቀት ሆኖ ቀረ። የአካባቢው ነጂዎች ቦጂያ ዘንድ መጡና አሁን አደጋ ብናደርስ ምን ይውጠናል አሉት። ቦጂያ አሰበበት። በእሑዱ አሥራ አንድ ነጂዎችን ጓሮው ውስጥ ሰበሰበና እንደ እድር ሁሉም በየሳምንቱ እየከፈለ፣ አንዱ የሰው ንብረት ሲያጠፋ ከጋራው እንዲካስ ተስማሙ። ደንቡን ተክለጻድቅ ጻፈው፤ የገንዘቡን ሣጥን ቦጂያ ያዘ። ለብዙ ዓመታት አንድም ሰው ሳይጣላበት ሠሩበት።

ሰፈሩ ከዚያ ወዲያ ቦጂያ አሲኩራሲዮን ብሎ ይጠራው ጀመር። እሱ ስሙን አልጠላውም። ኮከቤ ግን የጣልያን ቃል ነውና ከአፏ አውጥታው አታውቅም።