ክሬቲን የጠጣሁበት እሑድ

የዚያን እሑድ ጠዋት የአንድ ሳምንት ክሬቲን በአንድ ኩባያ ሻይ በጥብጬ ግጥም አደረግሁት። ዱቄቱ የልጄ ነው። ሳሪስ ጂም ትሠራለች፤ በቀን አንዲት ትንሽ ማንኪያ፣ ከስፖርት ጋር፣ በትዕግሥት ከተወሰደ ጉልበት ይጨምራል ብላኛለች። ትዕግሥቱን ዘለልኩት።

የእድራችን ዳኛ ስሜን ከድንኳን ተካዮች ዝርዝር ፍቆ ከአጽናኞች ጋር ሊጽፈኝ ነበር። አጽናኝ ማለት ሐዘንተኛው አጠገብ ወንበር ይዞ የሚተክዝ ሽማግሌ ነው። ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ዕድሜ ልኬን ጆንያ የተሸከምኩ ሰው፣ ለመተከዝ ገና ነኝ ብዬ ተሟገትኩ።

ዳኛው የልጄ እኩያ ነው፤ አክብሮቱ ግን አይጓደልም። «እሺ አባባ፣ እሑድ ድንኳኑን አውጥተን እናናፍሰዋለን። መሃለኛውን ምሰሶ ይዘው ያሳዩን» አለኝ።

ያዝኩት። ሸራው ወደ ላይ ሲነሳ ደረቴን ነፋሁ፤ ገመድ የሚስቡትን ጎልማሶች ምነው እንዲህ ደከማችሁ እያልኩ ተረብኳቸው። ከዚያ ሆዴ ጮኸ። ክሬቲኑ ጡንቻዬን ፈልጎ ሲያጣ ጊዜ፣ ሆዴ ውስጥ ስብሰባ ጠራ መሰለኝ። ምሰሶውን ብለቅ ድንኳኑ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ባልለቅ ደግሞ የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሊስቅብኝ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። እሱ ወገቡን ስለሚያመው ከአጽናኞች ጋር የተጻፈው በደስታ ነው።

«ያዝልኝ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምነው፣ ላብ በላብ ሆንክ?»

«ያዝ ብዬሃለሁ፤ ሽንት ቤት ልደርስ ነው።»

ያዘልኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መሮጥ እንደምችል አላውቅም ነበር። ስመለስ ገመዱ ታስሯል፣ ድንኳኑ ቆሟል፣ ዳኛው ጎረቤቴን በአድናቆት እያየ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እሱን ተካይ፣ እኔን አጽናኝ አድርጎ።

ጎረቤቴ ከሕዝቡ ፊት ወገቤን ያመኛል ማለት አፈረ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ክንዴን ጨምድዶ፣ «ለዳኛው እውነቱን ንገረው። ዱቄት ጠጥቼ ሆዴ ተበላሽቶ ነው እንጂ ምሰሶው የኔ ነው በለው» አለኝ። እነግረዋለሁ ብዬ ማልኩለት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ለቅሶ ደርሰናል። እሱ እያቃሰተ ይተክላል፣ እኔ ተቀምጬ እተክዛለሁ። ወንበሩ እንዲህ ይመቻል ብዬ አልጠበቅሁም። እውነቱን እስካሁን ለዳኛው አልነገርኩም።