በነጠላዬ የሸፈንሁት ፔርሙዝ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ በተኛበት ክረምት ነው። ዛሬም ሰው "ጎበዝ አስታማሚ" ሲለኝ የምገባበት አጣለሁ።

ወረታ መምህርት ነኝ። አባቴ የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ተጠራና ይዤው ሄድሁ። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታን የአጃ ዱቄት አስታቀፈችኝ። "አደራ፣ ሆዱን ባዶ እንዳታሳድሪው" አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ነርሶቹ ግን በየሰዓቱ ደም መቅዳት ጀመሩ። "ይኼን ሁሉ ደም ምን ያደርጉታል?" እያልሁ አጉረመርም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ጠርቶ አስረዳኝ። በቀዶው ሰዓት ልቡ ቆሞ ደሙን ማሽን ሲያዘዋውርለት አንጀቱ በቂ ደም አላገኘም፤ የመጎዳቱ ምልክት ደሙ ውስጥ ታይቷል። አሁን እየቀነሰ ነው፤ እስኪጠፋ ግን በአፉ ምንም እንዳይገባ አለኝ።

እኔ በልቤ "የተቀደደው ደረቱ፣ ሆዱን ምን አገናኘው?" አልሁ። የከንፈሩን መድረቅ ሳይ አላስችል አለኝ። ዘመድ ቤት የሠራሁትን አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ገባሁ።

"ከልክለው የለም ወይ?" አለኝ አባቴ።

"ምን ያውቃሉ!" ብዬ አንድ ሲኒ አጠጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተነፋ፤ ያቃስት ጀመር። ደሙ ሲመረመር ምልክቱ ጨምሯል። ሐኪሙ "የቀመሰው ነገር አለ?" ሲለኝ ፔርሙዙን በነጠላዬ ሸፍኜ "ኧረ ምንም!" አልሁ።

"እንግዲያው አንጀቱ ሞቶ ይሆናል። ሆዱን ከፍተን ማየት አለብን" ብሎ የስምምነት ወረቀት አመጣልኝ። በዚያ ድካሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና እንደማይችል አውቃለሁ። ቢሆንም ልፈርም እስክሪብቶውን ተቀበልሁ።

ይኼኔ አባቴ ዓይኑን ገለጠና፣ "ጌታው፣ ልጅቱን ይተዉአት። አጥሚት ጠጥቻለሁ። እምቢ ስትለኝ ለምኛት ነው" አለ።

ከአባቴ አፍ ውሸት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሙ በጣም ተቆጣ፤ የተቆጣው ግን አባቴን ነው። ሆዱን በቱቦ አስጠረገለትና ቀዶውን አቆይቶ ደሙን ደጋግሞ አስመረመረ። በማግስቱ ምልክቱ ወረደ።

ወረታ ስንመለስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። አባቴ ለገባው ሁሉ "እግዜርና ይህች ልጄ ናቸው ያተረፉኝ" ይላል። እኔ ይኼኔ ቡና ላፈላ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ አስታማሚ የሚመርጠው እኔን ነው።

አባቴ ካረፈ ሰነበተ። እሱ ነገሩን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አጥሚቱን አለማወቅ ነው እላለሁ። እስክሪብቶውን መቀበሌን ግን ምን ልበለው?