ከጅረቷ በታች አማርኛ ነው

ይህን የንግድ አፌን ያገኘሁት የአባቴን ቋንቋ ከፍዬ ነው።

ሲግናል አካባቢ የባሕር ዛፍ አጣና እሸጣለሁ። ትልልቅ ሰዎችን «እርስዎ» እያልኩ፣ የኮንዶሚኒየም ልጆችን «ዲስካውንት አለው» እያልኩ፣ ከሾፌሮች ጋር በአራዳ ቋንቋ እየተጨቃጨቅሁ እውላለሁ። ለሁሉም የሰፈራቸው ልጅ እመስላቸዋለሁ። እርጥብ አጣና ተጭኖ በመጣ ቁጥር ግን ሽታው ወዳደግሁበት እንጦጦ ይመልሰኛል።

አባቴ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ነበር የሚያወራን። እንጨት ልንሸጥ ወደ የካ ስንወርድ መንገዳችንን የምታቋርጠው ጅረት ጋ ሸክሙን አውርዶ ፊቱን ይታጠብና «ከዚህ በታች አማርኛ ነው» ይለኛል። «ዋጋ የሚሰብሩብን አፋችንን ሰምተው ነው።» ስንመለስ እዚያው ታጥቦ ወደ ኦሮምኛው ይገባል።

ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ኦሮምኛው እየጠፋኝ ሄደ። አንድ ቀን ስንመለስ፣ ጅረቷን እንደተሻገርን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። በአማርኛ መለስኩለት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም በአማርኛ ደገምኩለት።

«ኧረ ይሄ ልጅ ነጋዴ ወጥቶታል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ጎንበስ አለና በእርጥብ እጁ ፊቴን አበሰኝ፤ ዝግ ባለ ድምፅ «ኢልማ ኮ» ብሎ ጀምሮ ብዙ ነገረኝ። «ልጄ» ማለቱ ገባኝ፤ የቀረው አልገባኝም።

«እሺ» አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከጅረቷ በላይም በአማርኛ ብቻ ያወራኝ ጀመር።

አሁንም ሽታው ሲመጣ ድምፁ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። ኦሮምኛ የሚችል ደንበኛ ሲመጣ ልጠይቀው እልና፣ ቃሉን ሳላስታውስ ምን ብሎኝ ነበር ልበለው?

አባቴ ሞቷል። ከነገረኝ ሁሉ በእጄ ያለው «ልጄ» የሚለው ብቻ ነው።