ያልለካሁት ካፓሲተር

ወደዚህ የጥገና ሥራ ያስገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሰማሁት ወሬ ነው። ሮቤ በሚገኘው መጋዘን በእጄ መዝግቤ ያስቀመጥኋቸው አሥራ አንድ የዘፈን ሸክላዎች፣ ማጫወቻቸው ስለተበላሸ ሊወገዱ ነበር። ሌላ ቅጂ የላቸውም። በአንዱ ላይ፣ ጎባ በተቀረጸ የሠርግ ዘፈን፣ ሟች ባለቤቴ ከተቀባዮቹ ጋር ትዘፍናለች። ከድምፅዋ የቀረኝ ያ ብቻ ነው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው፣ በስብሰባው ቀን ጥርት ብለው ከተሰሙ ወደ ኮምፒውተር ተቀድተው እንደሚቀመጡ ገልጾ አሥር ቀን ሰጠኝ።

ከማጫወቻው የተቃጠለው፣ ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎላው ቅድመ ማጉያ ነበር። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ቅድመ ማጉያው ሁለቱንም ወደ ልካቸው ይመልሳል። ቀጭኑን የሚመልሱት አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ሲሆኑ፣ ብዜታቸው ሰባ አምስት ማይክሮ ሰከንድ መሆን ይገባዋል። አንድ ናኖፋራድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ካፓሲተር ሮቤ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ተነቅሎ አገኘሁ። ሰባ አምስት ሺህ ኦም ሬዚስተር ግን አልነበረውም። ስልሳ ስምንት ሺህ እና ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ኦም አከታትዬ በየድሁ፤ ሰባ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። በዚህ ሥራዬ ዛሬም አላፍርም።

ጠጋኙ ካፓሲተሩን እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ በዕድሜ ይበልጠኛል። ጎባ ወስደው ያስለኩት፤ እኔ ጋ መለኪያ የለም» አለኝ።

«ተጽፎበታል እኮ።»

«የእኔም መታወቂያ ‹ያላገባ› ይላል፤ አራት ልጅ አለኝ!»

ሠላሳ ሁለት ዓመት በማኅተምና በፊርማ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የታተመን ነገር መጠራጠር አልለመድሁም። ጎባ ቅርብ ነው፣ አልሄድሁም።

በስብሰባው ቀን መርፌውን የባለቤቴ ሸክላ ላይ አሳረፍሁ። ከበሮው ተሰማ፤ የሴቶቹ ቃል ግን አይለይም። የእርሷን ድምፅ እኔ እንኳ መለየት አቃተኝ።

«አባቴ፣ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው እንዴ የሚዘፍኑት?» አሉ ሰብሳቢው። ሁሉም ሳቁ።

«አንድ ቀን ብቻ ይጨምሩልኝ» ብዬ ለመንሁ። ሸክላዎቹ ይወገዱ የሚለው ቃለ ጉባኤ ተፈረመ።

በማግስቱ ካፓሲተሩን ጎባ ወስጄ አስለካሁት፤ በአንድ ፈንታ ሁለት ናኖፋራድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ቀጭኑን ድምፅ የዋጠው እርሱ ነበር። እዚያው አዲስ ገዝቼ፣ ሮቤ ተመልሼ ቀየርሁና በጠጋኙ የመንዙማ ሸክላ ሞከርሁ። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ወጣ። ጠጋኙ «ማሻአላህ!» አለ። ሸክላዎቹ እንደገና እንዲሰሙ ማመልከቻዬን በዚያው ቀን፣ ሰኔ 20፣ አስገባሁ፤ ከዚያም በየማለዳው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆምሁ።

የተሰጠኝ መልስ፣ «የተጠቀሱት አሥራ አንድ ሸክላዎች ሰኔ 27 ቀን ተሰባብረው የተወገዱ በመሆኑ ጥያቄዎን ማስተናገድ አልተቻለም» ይላል። ደብዳቤው ወጪ የሆነው ሐምሌ 4 ቀን ነው።