የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮና የአዲሱ ወረዳ ማህተም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ይህን የምጽፈው በአፌ ማለት የነበረብኝን ስላላልኩ ነው።

ወረዳችን ለሁለት ሲከፈል እኔ የግዥ ክፍሉ ጽዳትና ተላላኪ ነበርኩ። ወንበሩም መደርደሪያውም እኩል ተከፈለ። ማህተሙ ግን አንድ ስለሆነ ነባሩ ወረዳ ዘንድ ቀረ። አዲሱ ወረዳ የደረሰን እኛ ከኮሶዬ ወዲያ የኪራይ ቤት ገባን። የግዥ ኃላፊው የመጀመሪያ ሥራው ጠረጴዛውን ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ብርድ ሲመታው ደግሞ ከመስኮቱ ወደ በሩ ማዛወር ነበር። የምንሸከመው እኔና ዘበኛው ነን።

በዚያው ሰሞን ንፋስ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ክረምቱ ሳይገባ ካልተከደነ ይፈርሳል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ሽማግሌ ቆርቆሮ እንዲገዛላቸው ለመጠየቅ በየሳምንቱ በእግራቸው ይመጡ ነበር። እኔ አያ እላቸዋለሁ።

"በሂደት ላይ ነው አባቴ" ይላል ኃላፊው።

"ሂደቱ የት ደረሰ?"

"ማህተም የለንም።"

"ታዲያ ግዙዋ!"

እንዴት ተደርጎ! ማህተም ለማስቀረጽ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የግዥ ኮሚቴው ሙሉ ቀን ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ አምስቱም አባላት ፈረሙበት። ወረቀቱን ይዤ ጎንደር ወረድኩ። አራዳ ያለው ማህተም ቀራጭ አገላብጦ አየውና ሳቀ።

"እህቴ፣ እናንተ ማህተም ባይኖራችሁም እኔን የሚያስሩኝ ሰዎች አላቸው" አለኝ።

ተመልሼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ስድስተኛ ሰው አስፈረሙበትና እንደገና ላኩኝ።

በስንት ምልልስ ዞኑ ደብዳቤ ጻፈልንና ማህተሙ ተቀረጸ። ኃላፊው መጀመሪያ ማህተም የመታው የራሱ የምደባ ደብዳቤ ላይ ነው። ቀጥሎ የጓደኞቹ። የቆርቆሮው ጥያቄ ከታች ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት የትኛው ቀበሌ ለየትኛው ወረዳ እንደደረሰ የሚናገር ዝርዝር መጣ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለጥፍ አነበብኩት፤ የአያ ቀበሌ ለእኛ አልደረሰም፣ ነባሩ ወረዳ ውስጥ ነው። ኃላፊው ጠዋት ጠዋት በሰሌዳው መስታወት ፀጉሩን ያስተካክላል። የተማረ ሰው ነው፣ አይቶታል አልኩ። ደግሞ ተጠራጠርኩና ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄድኩ። "ምን ነበር?" ይለኛል ቀና ሳይል። የሻይ ብርጭቆውን አንስቼ እወጣለሁ። እንዲህ የምንቃቸውን ሰዎች ለምን እንደምፈራቸው እስካሁን አይገባኝም።

የኮሚቴው ሰዎች ከሦስት ሱቅ የቆርቆሮ ዋጋ አሰባሰቡ፣ አወዳደሩ፣ እንደገና ተሰበሰቡ። ሊፈርሙ ሲሉ የፋይናንሱ ሰውዬ "ቆይ፣ ይህ ቀበሌ የኛ ነው እንዴ?" አለ። ያኔ ሁሉም ተነስተው ወጡና ሰሌዳውን አነበቡ።

አያ የመጡት በማግስቱ ነው፤ ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቧል። ትናንት አንዱ ግድግዳ መደርመሱን ተናገሩ። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፦

"አባቴ፣ እርስዎም እኮ በተሳሳተ ቢሮ ነው የተመላለሱት" አላቸው። የሚያጽናና መስሎት ፈገግ አለ። ማመልከቻቸውን ግን አልመለሰላቸውም፤ መዝገብ ውስጥ ስለገባ አይወጣም ተባለ። ለነባሩ ወረዳ እንደ አዲስ ይጻፉ ተባሉ።

አያ አልተቆጡም። በትራቸውን አንስተው ወጡ። ተከትያቸው ሮጥኩና አጥሩ በር ላይ ደረስኩባቸው። ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ዕለት እንዳነበብኩት መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ዝናቡ ላያችን ላይ እየወረደ በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ለእኔ እንኳ በጆሮዬ ብትነግሪኝ?" አሉኝ።